መጥለቅና መስጠም

አማርኛ ወደ ታች ለሚወርድ ነገር ሁለት ግሥ አስቀምጦልናል። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ መርከብ ይሰጥማል። የጠለቀ ይመለሳል። ፀሐይዋ ነገ ትወጣለች፤ ከጋን ጠላ የሚጠልቀው ጣሳ ሞልቶ ብቅ ይላል፤ ዋናተኛውም ትንፋሹን ይዞ ወርዶ ትንፋሹን ፍለጋ ይወጣል። የሰጠመ ግን እዚያው ነው። ይህን ልዩነት ያስተዋልሁት መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አይደለም። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት የኦርክኒ ደሴቶች መካከል፣ ስካፓ ፍሎው በሚባለው ባሕር፣ አንድ ወፍራም ገመድ ጨብጬ ወደ አረንጓዴ ጨለማ ስወርድ ነው። እኔ የምጠልቅ ነበርሁ፤ ከታች የሚጠብቀኝ የጀርመን የጦር መርከብ ደግሞ የሰጠመ።

በዚያ ቀን እጄ ያደረገውን፣ ሊያደርግ ያሰበውን ማለት ይሻላል፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ዛሬ ልጽፈው የተነሣሁት ስለ ባሕር ስፖርት ለማውራት ብዬ አይደለም። የሰጠመን ነገር ማየትና የሰጠመን ነገር መውሰድ በአንድ እጅ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ስላየሁ ነው።

አስቀድሜ የመርከቦቹን ታሪክ ልናገር። ስካፓ ፍሎው ደሴቶች እንደ አጥር የከበቡት ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ነው። እንግሊዞች በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የባሕር ኃይላቸው ዋና ማደሪያ አድርገውታል። የመጀመሪያው ጦርነት በኖቬምበር 1918 በተኩስ አቁም ሲገታ (ዓመታቱ፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 74 የጀርመን የጦር መርከቦች ወደዚህ መጥተው የሰላሙን ድርድር ፍጻሜ እንዲጠብቁ ተደረገ። እስረኞች ናቸው እንዳይባል የገዛ መርከበኞቻቸው በላያቸው አሉ፤ እንግዶች ናቸው እንዳይባል ወደ የብስ መውረድ ተከልክለዋል። ሰባት ወር በዚህ ሁኔታ ቆዩ።

ጁን 21 ቀን 1919 ጧት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ለልምምድ ወደ ውጭ ባሕር ወጥተው ነበር። የጀርመኖቹ አዛዥ አድሚራል ሉድቪግ ፎን ሮይተር፣ ድርድሩ ፈርሶ መርከቦቹ በጠላት እጅ ሊወድቁ ነው ብሎ ስለሰጋ፣ አስቀድሞ የተስማሙበትን ምልክት በባንዲራ አስተላለፈ። መርከበኞቹ የየመርከቦቻቸውን የውኃ መግቢያዎች ከፈቱ። እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያው ሰጠመ፤ እስከ ማታ ድረስ 52ቱ ወደ ባሕሩ ወለል ወረዱ። የሚገርመው፣ በዚያው ዕለት የስትሮምነስ ከተማ ተማሪዎች የጀርመንን መርከቦች ሊጎበኙ በጀልባ ወጥተው ነበር። የትምህርት ቤት ሽርሽር ብለው የሄዱ ሕፃናት አንድ የባሕር ኃይል በሙሉ ዐይናቸው እያየ ሲገለበጥና ሲሰጥም ተመለከቱ። ዘጠኝ ጀርመኖች በተኩስ ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ማርክግራፍ የተባለው ታላቅ የጦር መርከብ አዛዥ ነበር። የቬርሳይ ውል ሊፈረም የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

የእኛ ሀገር ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያስበው መቅደላን ነው፤ እኔም ያሰብሁት እርሱን ነው። እጅ ከመስጠት የያዙትን በገዛ እጅ ማጥፋት። በእርግጥ ሮይተር መርከቦቹን አጠፋ እንጂ ራሱን አላጠፋም፤ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ብዙ ዓመት ኖሯል። ንጽጽሩ እስከዚያው ድረስ ብቻ ይሄዳል።

ከሰጠሙት አብዛኞቹ ዛሬ እዚያ የሉም። ኧርነስት ኮክስ የተባለ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ፣ ከዚያ በፊት አንዲት መርከብ እንኳ ከባሕር አውጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ከ1924 ጀምሮ የሰጠሙትን እየገዛ ቀዳዳቸውን በጠላቂዎች አስደፍኖ፣ የታመቀ አየር እየሞላ፣ ከ30 በላይ የሚሆኑትን ወደ ላይ አንሥቷቸዋል። በ1926 የከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ የሚያነደው ቢያጣ፣ ዛይድሊትዝ ከተባለው የሰጠመ መርከብ ሆድ የጀርመኖቹን ከሰል እያስወጣ ማሽኖቹን አንቀሳቀሰበት። እንዲህ ያለ ሰው ልብ ወለድ ደራሲ ቢፈጥረው ሐያስያን አይታመንም ይሉ ነበር። ዛሬ ለጠላቂዎች የቀሩት ትልልቆቹ ሰባት ናቸው፤ ሦስት ግዙፍ የጦር መርከቦችና አራት ቀላል መርከቦች። ብረታቸውም ከ1945 በፊት፣ የአቶም ቦምብ የዓለምን አየር ሳይበክል የቀለጠ ስለሆነ፣ ጨረር ለሚለኩ ረቂቅ መሣሪያዎች ይፈለግ ነበር። አንድ ዘመን ለመግደል ያቀለጠውን ብረት ሌላው ዘመን በንጽሕናው ፈለገው።

እኔ የወረድሁት ከቀላሎቹ ወደ አንዱ፣ ወደ ኮልን ነው። ርዝመቱ 155 ሜትር፤ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፤ የባሕሩ ወለል ያለው ወደ 35 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በዚያ ባሕር በበጋው መጨረሻ እንኳ የውኃው ሙቀት ከ13 እና 14 ዲግሪ አይዘልም፤ በክረምት ወደ 6 ይወርዳል። ስለዚህ ጠላቂው ውኃ የማያስገባ ልብስ ይለብሳል፤ ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ልብስ ይደርባል፤ ተንሳፍፎ እንዳይቀር ደግሞ በወገቡ ላይ እርሳስ ይታጠቃል። ጀርባው ላይ የታመቀ አየር የሞላባቸው ሲሊንደሮች አሉ። በጀልባዋ ላይ ሲራመድ የተጫነ በቅሎ ይመስላል፤ ውኃው ውስጥ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ሸክም ይጠፋል። የማይጠፋው የእጅ ብርድ ነው። ጓንት ቢደረብም ጣቶች ይደነዝዛሉ።

ወደ ታች ሲወረድ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ቀለም ነው። ከዚያ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ አረንጓዴውም ይጠቁራል። ጫናው በየ10 ሜትሩ በአንድ ከባቢ አየር ስለሚጨምር፣ 35 ሜትር ላይ የሚሳበው እያንዳንዱ ትንፋሽ ላይ ላዩን ከሚሳበው አራት ተኩል ዕጥፍ አየር ይፈጃል። ከ30 ሜትር በታች ደግሞ ናይትሮጅኑ እንደ ጠጅ አናት ላይ ይወጣል፤ ሰው ያለ ምክንያት ደስ ይለዋል፣ ወይም ያለ ምክንያት ይፈራል። በዚያ ስካር መሐል ጎኑ እንደ ገደል ግድግዳ ድንገት ከጨለማው ብቅ አለ። ገደል ነው ብዬ አስቤ ነበር። ቀጥ ያለ የብረት መስመር ሳይ ነው መርከብ መሆኑን የተረዳሁት። በላዩ የባሕር አበባ የሚመስሉ ነጫጭ እንስሳት በቅለውበታል። አንዳች ትልቅ ዓሣ ጥይት ይቀመጥበት በነበረ ጉድጓድ በር ላይ ቆሞ፣ እንደ ቤት ባለቤት፣ ማን ናችሁ ብሎ አየን። መተኛት የነበረበት ወለል ቆሞ ግድግዳ ሆኗል፤ መሰላሉ ተጋድሟል፤ በሩ መስኮት ሆኗል። የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር እንደ ማንበብ ነው። ቃላቱ ሁሉ አሉ፤ ቅደም ተከተሉ ነው የጠፋው።

በመርከቡ ሥር፣ በደለሉ ላይ፣ የእጅ ባትሪዬ ብርሃን አንድ ነጭ ነገር ላይ ዐረፈ። የሸክላ ሲኒ ስባሪ ነበር፤ ጆሮው ሳይሰበር ቀርቷል። አንድ የ20 ዓመት ልጅ፣ ከሀምቡርግ ይሁን ከኪል ማን ያውቃል፣ በዚያ ጆሮ ላይ ጣቱን አስገብቶ ቡና ሲጠጣ ታየኝ። በሰባቱ ወር ቡናውም ቢሆን ቡና አልነበረ ይሆናል። እጄ ተዘረጋ። በደንብ አስታውሳለሁ፤ አስቤ አልዘረጋሁትም። ሊሰርቅ እንደሚሄድ እጅ አልነበረም፤ ከወደቀበት ሊያነሣ፣ ሊያድን፣ አቧራውን ሊያራግፍ እንደሚሄድ የደግ ሰው እጅ ነበር። ከጎኔ የነበረው የጀልባዋ ሰዎች የመደቡልን መሪ ባትሪውን አነሣና በእጄ ላይ አበራው። ምንም ምልክት አላሳየም። ብርሃኑን እዚያው ያዘው፤ በቃ። እጄን ሰበሰብሁ።

ላይ ስወጣ ባትሪው የበራበት የእኔ እጅ ብቻ ሳይሆን የሌላም ሰው እጅ ነው የመሰለኝ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ከንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤትና ከመድኀኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የወሰዱትን እያንዳንዳችን እናውቃለን። ብራናዎቹ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦታቱ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ሄዶ ነበር፤ ዘረፋውም ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጧል። ስለዚህ ነገር ከአንድም ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ቃሌም የተቆጣ ነበር። እነዚያን ወታደሮች ስጽፍባቸው ዐይናቸው በስግብግብነት የቀላ አድርጌ ነበር የሣልኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ምናልባት ብዙዎቹ፣ የተዘረጋ እጃቸው የአዳኝ እጅ መስሎ ተሰምቷቸው ይሆናል የሚል ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። እዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

ይህን በማለቴ ዘራፊውን ይቅር አልሁ አይደለም። እንዲያውም የከበደው አሁን ነው። ስግብግብን መውቀስ ቀላል ነው፤ «አዳንሁት» የሚለውን መመለስ ነው የሚያስቸግረው። ሙዚየሞቹ የሚሉን ይህንኑ አይደለም? ባንወስደው ይጠፋ ነበር፤ እሳት ይበላው፣ ምስጥ ይበላው፣ ጦርነት ይበላው ነበር ይላሉ። ከሰጠመ መርከብ ዕቃ የሚያወጣ ጠላቂም ያለው መከራከሪያ ቃል በቃል ይኸው ነው። ባሕሩ እየበላው ነው፤ ብረቱ በየዓመቱ ይሳሳል፤ ግድግዳው ይፈርሳል፤ የሲኒዋ ስባሪ ነገ በደለል ትሸፈናለች፤ እኔ መደርደሪያዬ ላይ ባስቀምጣት ማን ተጎዳ? ሐቅም አለበት። የስካፓ ፍሎው ፍርስራሾች እየወደቁ ነው፤ ከ30 ዓመት በፊት የወረዱ ሰዎች ያዩትን ዛሬ የሚወርድ አያየውም።

የእኔ መልስ ይህ ነው። መጥፋቱ የራሱ ነው። አንድ ነገር ባለበት ቦታ፣ በራሱ ጊዜ፣ ሲያረጅ የሚናገረው ነገር አለ፤ መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጠው የሚናገረው ስለ መደርደሪያው ባለቤት ብቻ ይሆናል። ያቺ ሲኒ ከመርከቡ ጎን በደለል ላይ ተኝታ የአንድ ልጅ ጧት ናት። ሳሎኔ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ግን የእኔ ጀብዱ ትሆን ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «35 ሜትር ወርጄ…» እያልሁ ስጀምር ይታየኛል።

ሕጉም ከ2001 ጀምሮ እንዲሁ ይላል። ሰባቱ መርከቦች በዚያ ዓመት እንደ ጥንታዊ ሐውልት ተመዝግበዋል፤ ወርዶ ማየት ይፈቀዳል፣ መውሰድ ወንጀል ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ከተማ ያለ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ ካህን ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የመቅደላ ታቦት አገኘ። ከ130 ዓመት በላይ እዚያ ቁጭ ብሎ ኖሯል። ሰዎቹ ሳይከራከሩ መለሱት፤ በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው ታስታውሳላችሁ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ግን ማንም እንዳያያቸው ተከድነው ተቀምጠዋል። ለማሳየት እንኳ ያልተወሰደ ነገር ለምን እንደተያዘ ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ገጣሚ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሰማ፣ «ታዲያ ለምን ወረድህ? የሰጠመን ተወው እንጂ፤ መውረድህስ ጣልቃ መግባት አይደለም?» አለኝ። መጥለቅና ጣልቃ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ገጣሚ ስለሆነ ይህን አስቦ ነው የተናገረው። ክርክሩን አከብራለሁ፤ አልቀበለውም። ማንም የማይወርድበት መርከብ በጥቂት ትውልድ ውስጥ በካርታ ላይ ያለ ነጥብ ይሆናል። ስለዚያች ሲኒ ባልወርድ ኖሮ ስለ ዘጠኙ ሟቾችም አላነብም ነበር፤ ሆይ በምትባለው ደሴት፣ ላይነስ ከሚገኘው መቃብራቸውም ሄጄ አልቆምም ነበር። ማየት ጣልቃ መግባት ከሆነ ማንበብም ጣልቃ መግባት ነው። በሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ እንገባለን፤ ባዶ እጃችንን እንወጣለን፤ ልባችን ግን እንደገባ አይወጣም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ወዳጄ ልክ ነው። በዚያው በስካፓ ፍሎው፣ ከጀርመኖቹ መርከቦች ራቅ ብሎ፣ ሮያል ኦክ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ አለ። ኦክቶበር 14 ቀን 1939 ለሊት የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ተደብቆ ገብቶ በቶርፒዶ መታው፤ ከ830 በላይ ሰዎች አብረውት ሰጠሙ። ከ100 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ የባሕር ኃይል ልጆች ነበሩ። ጥልቀቱ ከኮልን ያነሰ ነው፤ ተገልብጦ ስለተኛ አናቱ ከውኃው ፊት በጥቂት ሜትሮች ብቻ ይርቃል፤ ለጠላቂ ቀላል ነበር። ተዘግቷል። በየዓመቱ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ብቻ ወርደው በላዩ ባንዲራ ይተክላሉ። ከዚያ ሌሊት የተረፉ ሰዎችም ሲሞቱ ዐመዳቸው ከጓዶቻቸው ዘንድ እዚያ እንዲቀመጥ የተደረገላቸው አሉ። ይህ ሰጥሞም ያላለቀ መርከብ ነው፤ ሰዎች አሁንም ይሳፈሩበታል። የማይታይበት ምክንያት ይገባኛል። የሟቾቹን ስም የሚጠራ ሰው እስካለ ድረስ የማየት ፈቃድ የሚሰጠው እርሱ ነው እንጂ የእኔ ጉጉት አይደለም።

ነገር ግን የሮያል ኦክ ደወል በ1970ዎቹ ከባሕሩ ወጥቶ ኪርክዎል ከተማ ባለው የቅዱስ ማግነስ ካቴድራል ውስጥ ተቀምጧል። አይቼዋለሁ፤ በማየቴም ደስ ብሎኛል። «መጥፋቱ የራሱ ነው» ያልሁት የት ሄደ? እውነቱን ለመናገር ደወሉ ፊት ቆሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ደወሉ ወደ ማንም ሳሎን አልሄደም። የሄደው ሟቾቹ ወደሚታሰቡበት፣ ስማቸው በተጻፈበት መዝገብ አጠገብ፣ ማንም ገብቶ ሊያየው ወደሚችልበት ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ይመስለኛል፤ ይበቃል ወይ ብትሉኝ ለደወሉ ይበቃል እላለሁ፤ ለሲኒዋ አይበቃም።

በ2019 ደግሞ ከጀርመኖቹ መርከቦች አራቱ በኢንተርኔት ሐራጅ ተሸጡ። ሦስቱ ታላላቅ የጦር መርከቦች እያንዳንዳቸው በ25,500 ፓውንድ፤ ካርልስሩኸ የተባለው ቀላሉ መርከብ በ8,500። አንድ ጥሩ መኪና በሚገዛ ገንዘብ ከ170 ሜትር የሚረዝም የጦር መርከብ። ሕጉ እንዳለ ነውና ገዢዎቹ ዕቃ ማውጣት አይችሉም፤ የገዙት የባለቤትነቱን ወረቀት ነው። ዜናውን ሳነብ ሣቅሁ፤ ቆየት ብዬ ግን ሣቄ አልጣመኝም። በደላንታው ሐራጅ የገዙት መኮንኖችም ደረሰኝ ነበራቸው።

ከኮልን በወጣን ዕለት ናይትሮጅኑ ከደማችን ቀስ ብሎ እንዲለቅ ስድስት ሜትር ላይ ገመዱን ይዘን ቆመን ነበር። ምንም የሚሠራ ነገር የለም፤ ደቂቃ መቁጠር ብቻ። ከታች መርከቡ አይታይም፤ ከላይ የጀልባዋ ሆድ ይታያል። እጄ በጣም በርዶት ስለነበር ጣቶቼን እየከፈትሁና እየዘጋሁ፣ እየከፈትሁና እየዘጋሁ ቆየሁ። መሪያችን አየኝ፤ አሁንም ምንም ምልክት አላሳየም።

ወደ ስትሮምነስ ከመመለሳችን በፊት የጀልባዋ ነጂ ወዲያ ማዶ ያለውን አረንጓዴ ምልክት በአገጩ አሳየን፤ የሮያል ኦክ ምልክት ነው አለን። ከዚያ ከ80 ዓመት በኋላም ዘይት ጠብ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ውኃው ላይ ቀስተ ደመና ይሠራል አለ። በዚያ ቀን ፀሐይ አልነበረም። ሻይ ይዘን ነበር፤ ማንም አልጠጣውም፤ ምልክቱ ከዐይናችን እስኪሰወር ድረስ በእጃችን ይዘነው ቆየን።